አራት ቦታ የተበተነው አይሳዬ

ባለፈው ሴፕቴምበር እዚህ ለንደን ቤት ስንቀይር ከአልጋ ስር አንድ የጫማ ካርቶን ወጣ። ውስጡ የባንክ ፖስታ ታጭቋል። ግማሹ አልተከፈተም። ቡና አፍልቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና አንድ በአንድ ስከፍታቸው፣ ካሽ አይሳ ያለኝ አራት ባንክ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። አራት! አንዱንማ ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ አይሳ ማለት እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ አስገብቶ በወለዱ ላይ ግብር የማይከፍልበት ሂሳብ ነው። ካሽ የሚባለው ገንዘቡ እንደ ተራ ቁጠባ የሚቀመጥበት ዓይነቱ ነው። ከ1999 ጀምሮ አለ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ዓመቱ የሚቆጠረው ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ነው። እንዲህ ያለ ቀን ከየት አመጡት ካላችሁ፣ በ1752 ካሌንደር ሲቀይሩ የዘለሏቸው 11 ቀናት ጣጣ ነው። መሥሪያ ቤት «እናንተ እንዴት አሥራ ሦስት ወር ይኖራችኋል?» እያሉ የሚስቁብኝን በዚህ ነው አፋቸውን የማስይዘው።

ወደ አራቱ ልመለስ። በየኤፕሪሉ እቁብ ላይ አንዷ «እገሌ ባንክ ጥሩ ወለድ እየሰጠ ነው» ትላለች፣ እኔ እሮጣለሁ፣ አዲስ እከፍታለሁ። የድሮውን ግን አልነካውም። እስከ ኤፕሪል 2024 ድረስ ደግሞ በአንድ ዓመት ገንዘብ ማስገባት የሚቻለው አንድ ካሽ አይሳ ውስጥ ብቻ ስለነበር፣ ባንክ በቀየርኩ ቁጥር የኋለኛው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ባንኮቹም ይህን ያውቃሉ። መጀመሪያ ደህና ወለድ አሳይተው ያስገቡሃል፣ በ12 ወሩ ቦነሱ ሲያልቅ ወለዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ የሚነግሩህም ባልተከፈተው ፖስታ ነው። የእኔ 11,000 ፓውንድ በ1.1 በመቶ ተቀምጦ አገኘሁት። በዓመት 121 ፓውንድ መሆኑ ነው። ያን ሰሞን 4 በመቶ የሚሰጥ ነበር፣ እሱ 440 ይሆናል። ልዩነቱ 319 ፓውንድ፣ ፖስታ ባለመክፈቴ ብቻ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ሌላውን ባታነቡ ይህን አንብቡ። ብሩን አታውጡት። እኔም በደመ ነፍስ አፑን ከፍቼ ሁሉንም ወደ ተራው ሂሳቤ ላዛውር ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያዳነችኝ አምና የተበላች ጓደኛዬ ናት። እሷ 14,000 አውጥታ በማግስቱ አዲሱ ባንክ አስገባች። ገንዘቡ ግን ከአይሳ ሲወጣ ከግብር ነፃነቱ አብሮ ይወጣል። ተመልሶ ሲገባ እንደ አዲስ ተቀማጭ ተቆጠረና ከዓመቱ 20,000 ላይ 14,000 በላባት። 40,000 ብታወጣ ኖሮ ግማሹን መመለስ አትችልም ነበር። በርግጥ ፍሌክሲብል የሚባል አይሳ አለ፣ ያወጡትን በዚያው ዓመት መመለስ ያስችላል፣ ግን ሁሉም ባንክ የለውም። የእሷም አልነበረም።

ትክክለኛው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው የሚመስለው። የድሮውን ባንክ አትነኩትም፣ ወደ አዲሱ ሄዳችሁ የትራንስፈር ፎርም ትሞላላችሁ፣ እነሱ ራሳቸው ከድሮው ይስቡታል። ከካሽ አይሳ ወደ ካሽ አይሳ ከሆነ በ15 የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። ያለፉት ዓመታት ገንዘብ እንዲህ ሲዛወር የዘንድሮውን 20,000 አይነካም፣ ከፈለጋችሁ 60,000 ሳቡ። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ግን አዲሱ ሂሳብ ከሌላ ባንክ የሚመጣ አይሳ መቀበሉን እዩ፣ ትልቁን ወለድ ከሚያስተዋውቁት መሀል የማይቀበል አለ። ላይፍታይም አይሳ (ለመጀመሪያ ቤት ወይም ለጡረታ የሚቆጠብበት) ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ጨዋታ ውጡ፣ 60 ዓመት ሳይሞላችሁ ወደ ካሽ አይሳ ካዛወራችሁት 25 በመቶ ይቆረጣል።

እኔም አራቱን አንድ አዲስ ባንክ ላሰባስብ ተነሳሁ። ሁለቱ ያለ ምንም ችግር መጡ። ሦስተኛው፣ የረሳሁት፣ አሳየኝ።

ችግሩ ስም ነው። ያንን ሂሳብ የከፈትኩት ገና እንደመጣሁ ነበር። ፓስፖርቴ ላይ ሦስት ስም ስላለ ጸሐፊዋ የመጨረሻውን፣ የአያቴን፣ የቤተሰብ ስም አድርጋ መዘገበችኝ። ከዚያ በኋላ የከፈትኳቸው በአባቴ ስም ናቸው። አዲሱ ባንክ በአባቴ ስም ቢጠይቃቸው «እንዲህ የምትባል ደንበኛ የለችንም» ብለው መለሱት። አድራሻውም የዛሬ ሦስት ቤት አድራሻ ነው። ሁለት ሳምንት በዚህ ሄደ።

ደወልኩ። «ለማረጋገጥ ያህል፣ እናትሽ ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም?» እንግዲህ አስረጂ! እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስም አትቀይርም፣ እናቴ እስከ ዛሬ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። ያኔ የእሷን አባት ስም ጻፍኩ ወይስ ግራ ገብቶኝ የራሴን አባት? የእሷን ከሆነ ወልደሚካኤል ነው። አንድ ቃል አድርጌ ነው ሁለት? ሚካኤሉን እንደ ፈረንጅ ነው እንደኛ የጻፍኩት? ሦስት ዓይነት ፊደል ሞከርኩ፣ ሦስቱም አልሆነም፣ ልጁ በትህትና ሂሳቡን ቆለፈው። ደግነቱ ቅርንጫፋቸው አልተዘጋም። ፓስፖርትና የናሽናል ኢንሹራንስ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፣ አንዲት ሴትዮ በ20 ደቂቃ ስሙንም አድራሻውንም አስተካከለችልኝ። ከዚያ በኋላ ዝውውሩ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ስለዚህ የሐበሻ ስም ያላችሁ፣ መጀመሪያ የድሮው ባንክ ጋ ስማችሁንና አድራሻችሁን አስተካክሉ፣ ትራንስፈሩን ከዚያ ጠይቁ።

አራተኛው የጊዜ ገደብ ያለው ነው፣ እስከ ሚቀጥለው ጁን ታስሯል። አሁን ላፍርሰው ካልኩ የ180 ቀን ወለድ ይቀጡኛል። አስልቼ ተውኩት፣ የሚያዋጣ አይደለም። ቀኑን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሀል «ምን ያንከራትትሻል? ለተራ ግብር ከፋይ በዓመት 1,000 ፓውንድ ወለድ አይሳ ውስጥ ባይሆንም ነፃ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ከ2016 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ግን በ4 በመቶ 25,000 ፓውንድ ያለው ሰው እዚያ ጣሪያ ላይ ይደርሳል፣ ደመወዙ ከፍ ብሎ 40 በመቶ ግብር ውስጥ ለገባ ደግሞ ነፃው 500 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ከ65 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዓመት ካሽ አይሳ ውስጥ የሚያስገባው 12,000 ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ያለኝን ነፃነት እንደዋዛ የምጥልበት ጊዜ አይደለም።

እሱን የሚያሳስበው ሌላ ነበር፣ «ሁሉም አንድ ቦታ ሆኖ ባንኩ ቢወድቅስ?» ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ የተረጋገጠው ዋስትና 85,000 ነበር፣ ከዲሴምበር 1፣ 2025 ጀምሮ 120,000 ሆኗል። እኛ ጋ ያን ያህል ብር ቢኖር የጫማ ካርቶን ውስጥ አንረሳውም ነበር። ብቻ ገንዘብ ያላችሁ፣ ስማቸው የተለያየ ሆኖ ፈቃዳቸው አንድ የሆነ ባንኮች እንዳሉ እወቁ፣ ዋስትናው ላይ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት።

እሑድ እቁብ ላይ ይህንኑ ሳወራ ቡናው ሳይቀዳ ቀረ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይፈልግ ጀመር። አንዷ ስድስት አላት።