በሌዘር ስለሚደርስ ቃጠሎ ሳጠና የተማርኩት

ነርስ ነኝ። ለማስተርስ መመረቂያዬ የመረጥኩት ርዕስ ለውበት ተብሎ በሚሰጥ የብርሃን ሕክምና የሚደርስ ቃጠሎ ነበር። ፀጉር ለማስወገድ ወይም ማድያት ለማጥፋት በሌዘርና አይፒኤል በሚባል የብርሃን ማሽን የሚሠራውን ማለቴ ነው። ቆዳ ክፍል ስሠራ ያየኋት አንዲት ልጅ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረውባት ነበር። የማሽኑ ጫፍ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የፈላ ውሃ እንዲህ አድርጎ አያቃጥልም።

ንባቤን ከመሠረቱ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። የብርሃኑ ዓይነትና የሚቆይበት ጊዜ በትክክል ከተመረጠ፣ የተፈለገውን ነገር ብቻ አሙቆ ዙሪያውን መተው ይቻላል። ፀጉር ሲሆን የሚፈለገው በሥሩ ያለው ሜላኒን፣ ማለትም ለፀጉርና ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ነገር ነው። የእኛ ቆዳ ግን ራሱ ሜላኒን አለው። ብርሃኑ ሥሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የላይኛው ቆዳ ይውጠዋል፣ ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ያግ ሌዘር ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው። ሜላኒን ብዙም ስለማይስበው ጠለቅ ብሎ ይገባል። 755 ናኖሜትር የሆነውን አሌክሳንድራይት ግን ሜላኒን በደንብ ይውጠዋል። አይፒኤል ደግሞ ከነጭራሹ ሌዘር አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ብርሃን በአንዴ የሚለቅ መብራት ነው።

ከዚያ የታተሙ የሕመምተኛ ታሪኮችን እየሰበሰብኩ ሠንጠረዥ ሞላሁ። የማሽኑ ዓይነት፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት፣ ጉልበቱ፣ ቆዳው እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ የሰውዬው የቆዳ ዓይነት። ቁስሉን አሳምረው የገለጹ ጽሑፎች ማሽኑ በስንት ጉልበት እንደተተኮሰ ዝም ሲሉ በጣም አናደደኝ። ያ ቁጥር ከሌለ ቀጣዩን ሰው ከቃጠሎ ማዳን አይቻልም። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ምክሬ፣ ሠንጠረዡን ከንባቡ በፊት አዘጋጁ። ባዶ የቀረው ሳጥን ራሱ ግኝት ነው።

የቆዳ ዓይነት የሚለው ዓምድም ብዙ አሳሰበኝ። ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ በቁጥር የሚከፍለውና ሁሉም የሚጠቀመው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የታሰበው ለነጭ ቆዳ ነበር። ጥቁር ቆዳ የተጨመረበት በኋላ ነው። ስለዚህ አሁን ቁጥሩን ብቻ አልመዘግብም። «እህቴ፣ ብጉር ወይም ጭረት ሲድንልሽ ጥቁረት ይጥልብሻል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አዎ ካለችኝ፣ ቀላል ቃጠሎ እንኳ ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ሊተውባት ይችላል።

መጻሕፍቱ «ቆዳው መቅላቱን እዩ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት እየተደበቀ ያመልጣል። እኔ በእጄ ሙቀቱን እነካለሁ፣ ወደ ግራጫ የሄደ ወይም የጠቆረ ቦታ እፈልጋለሁ፣ ሕመሟን እጠይቃለሁ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ከቃጠሎው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ዳግላስ ጃክሰን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳስረዳው፣ በቃጠሎው መሀል ከሞተው ቆዳ ዙሪያ ሊሞትም ሊተርፍም የሚችል ክፍል አለ። ያንን ለማትረፍ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማድረግ ነው። በረዶ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ቅቤም፣ ሊጥም አይደለም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እስከሆነ ድረስ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል።

ልታሠሩ ካሰባችሁ ከዋጋው በፊት የማሽኑን ስምና የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ጠይቁ። በማይታይ ቦታ ትንሽ ሙከራ ይሠራላችሁ፣ ውጤቱም በዚያው ቀን አይፈረድበት። የጥቁር ቆዳ ምላሽ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒትም ተናገሩ፤ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉት ቆዳ በብርሃን በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርጋሉ።

አሁን የማነበው ስለ ፍራክሽናል ሌዘር ነው። የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ እየበሳ ጠባሳውን የሚያለሰልሰው ማለት ነው። ሠንጠረዡ ላይም አንድ አዲስ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ በጽሑፉ ላይ ያለው የጠባሳው ፎቶ ከሕክምናው ስንት ወር በኋላ እንደተነሳ።