የጤና አዳም ቃጠሎ

ጠዋት ፀሐይ ላይ ጤና አዳም ሲከረክም የዋለ ሰው በነጋታው ወይም በሦስተኛው ቀን ክንዱ ላይ ቀይ ሰንበር ይወጣበታል፤ ቆይቶም ውሃ ይቋጥራል። ብዙ ጊዜ የአለርጂ ኪኒን ይሰጠዋል። ኪኒኑ እምብዛም አይረዳውም፤ ይህ ቃጠሎ እንጂ አለርጂ አይደለምና።

የሚያቃጥለው ቤርጋፕቴን የሚባል፣ ኩማሪን ከተባሉት የዕፅዋት ኬሚካሎች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ኤርል ግሬይ ሻይን መዓዛ ከሚሰጠው ቤርጋሞት ከተባለው የሎሚ ዘመድ ፍሬ ነው፤ በጤና አዳምና በሎሚ ልጣጭ ውስጥም ይገኛል። ወደ ቆዳ ሴል ገብቶ በዲኤንኤው መካከል ይሸጎጣል፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሆነ የፀሐይ ጨረር (ዩቪኤ) ሲያርፍበት ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቅና ሴሉን ይገድላል። ጨለማ ውስጥ ቢነካን ይህ አይሆንም።

ቅርጹን አስተውሉ። ቅጠሉ የነካበት መስመር፣ ጭማቂው የወረደበት ፈለግ፣ የጣት አሻራ ሳይቀር ቆዳው ላይ ይታያል። ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል።

ጤና አዳም ስትቆርጡ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን፤ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ። ላብ ያራሰው ቆዳ የበለጠ ስለሚመጥ ደረቅ ይሁን። ጭማቂ ከነካችሁ ወዲያው በሳሙና ታጠቡ፣ ቦታውንም ለ48 ሰዓት በልብስ ሸፍኑ። ደመና አያድንም፤ የመስኮት መስታወትም አብዛኛውን ዩቪኤ ያሳልፋል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል።

ከተቃጠለ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፤ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ፊት ወይም ዓይን ከሆነ፣ ወይም ሰፊ ቦታ ከያዘ ሐኪም ይየው። የሚቀረው ጥቁር ምልክት ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ ራሱ ይለቃል። ምልክቱን ላጥፋ ብሎ ሎሚ ማሸት ግን ያንኑ ነገር መልሶ መቀባት ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

ለለምጽ ብለው ቅጠሉን ቀብተው ፀሐይ የሚሞቁም አሉ። የቤርጋፕቴን ዘመድ የሆነው ሜቶክሳሌን በእርግጥ የለምጽ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ሲዋጥ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊግራም ተለክቶ፣ ጨረሩም በመሣሪያ ተመጥኖ ነው። የጓሮው ቅጠል ምን ያህል እንደያዘ የሚለካው የለም፤ ለምጽ ያለበት ቆዳ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለቃጠሎ የተጋለጠ ነው።