ካርዱ
በቤተ ሙከራችን አይጦቹን በሁለት ክፍል ለይተናቸው ነበር፤ የሁለተኛው ክፍል አይጦች መጫኛውን፣ ማለትም በእግራቸው የሚጫኑትን ትንሽ ዘንግ፣ የሚጫኑት ከመጀመሪያው ክፍል እጥፍ በሚጠጋ ብዛት ነበር። መጫኛው ሲነካ ኮኬይን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ይገባል። ይህ ክፍል ቀደም ሲል ጭንቀት እንዲደርስበት ተደርጓል። ጭንቀት የኮኬይን ፍላጎትን ይጨምራል ብለን ስለጠበቅን፣ ውጤቱ ሲመጣ አለቃችን ፊታቸው በራ።

እኔ ግን አይጦቹን የምመዝነው ሰው ነበርኩ። ከሁለተኛው ክፍል ቁጥር 14ን ከቤቷ ሳወጣት እጄ ላይ ቀለለችኝ። የጎድን አጥንቷ ጣቴን ነካው። ወደ በሩ ስመለከት አንድ ካርድ ተንጠልጥሏል፦ «ምግብ በልክ፣ 85 በመቶ»። ምግቡ ተመጥኖ ክብደታቸው ከሙሉው 85 በመቶ ላይ እንዲቆይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከነበሩበት ሙከራ የቀረ ካርድ ነው። ማንም አላነሳውም። ተረኛው ደግሞ ካርዱን አምኖ ሲመግባቸው ከርሟል።

«ዶክተር፣ እነዚህ አይጦች ርቧቸዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ? የራበው እንስሳ ይቅበዘበዛል፣ ያገኘውን ይጫናል።»

«መቅበዝበዝ ቢሆን ምንም የማይሰጠውን ባዶውንም መጫኛ ይጫኑት ነበር። ዘወር ብለው አላዩትም። ኮኬይን ደግሞ ሆድ አይሞላም።»

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ «አንቺ ሚዛንሽ ላይ አተኩሪ» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ እኮ ያተኮርኩት ሚዛኑ ላይ ነው! ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ነገሩ አዲስ ግኝት ቢሆን እንኳ በገባኝ። ማሪሊን ካሮልና ባልደረቦቿ የተራቡ አይጦች አደንዛዥ መድኃኒት አብዝተው እንደሚወስዱ ያሳዩት በ1979 ነው። ምግብ ለሳምንታት ሲመጠን ስብ ይቀንሳል፣ ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞንም አብሮ ይወርዳል። ኑክሊየስ አኩምበንስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉት ዲ1 የሚባሉ የዶፓሚን ተቀባዮች ደግሞ ምላሻቸው ይጠነክራል፤ ዶፓሚን ከደስታና ከፍላጎት ጋር የተያያዘ የአንጎል መልእክተኛ ነው። በዚያ ላይ ያው የኮኬይን መጠን ሲገባ ለራበው አንጎል የሚሰጠው ደስታ ይበልጣል። በ2001 በወጣ ጥናት፣ ለአይጦች ሌፕቲን አንጎላቸው ውስጥ ሲጨመርላቸው በረሃብ የተቀሰቀሰው የሄሮይን ፍለጋ ቀንሷል። ይህ ሥርዓት የራበው እንስሳ ምግብ ፈልጎ እንዲያገኝ የተሠራ ይመስለኛል። ኮኬይን በዚያው በር ይገባል።

ካርዱን አነሳሁ። ጠግበው በሉ። በማግስቱ ምንም ለውጥ አላየሁም፤ ለመጥገብማ ጠግበው ነበር። ክብደታቸው ቀስ በቀስ ሲመለስ ግን የሚጫኑበት ብዛትም አብሮ ወረደ። ከሁሉም ዘግይታ የወፈረችው ቁጥር 14 ናት፤ መጫኗን የቀነሰችውም ከሁሉም ዘግይታ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ጋር የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ።

በስብሰባው ላይ አለቃችን «የአመጋገብ ስህተት አስተውለናል» አሉ። ማን እንዳስተዋለ አልተናገሩም። ከፋኝ። ስህተቱ በመታረሙ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል።

በቅርቡ የሱስ ሕክምና ላይ የምትሠራ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ሲጋራ ለማቆም የሚታገል ሰው በተደጋጋሚ እየተመለሰበት ተቸግራለች።

«ምን ይበላል?» አልኳት።

«ክብደት ለመቀነስ ምግብ እየዘለለ ነው መሰለኝ፤ እንዲያው በጨዋታ መሀል ነው የነገረኝ። አልጠየቅኩትም። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም» አለችኝ።

«ነገ ጠይቂው። ከቅጹ ጀርባም ቢሆን ጻፊው» አልኳት።