ዘጠነኛው እርከን፦ በዳርሃም መንደሮች አንድ የውድድር ዘመን

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዲኤስቲቪ ቤቶች የሚወጣውን ጩኸት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከፕሪሚየር ሊጉ ስምንት እርከን ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ኖርዘርን ሊግ ግን አንድም ሰው ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። እኔንም ኑሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ወደ ዳርሃም ባይወስደኝ ኖሮ ስሙን ሳልሰማ እቀር ነበር። ከኦገስት እስከ ኤፕሪል፣ ሥራ ባልነበረኝ ቅዳሜ ሁሉና በአንዳንድ የማክሰኞ ምሽቶች፣ በባቡርና በአውቶቡስ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ተከታተልኩት።

ሊጉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። እስከ ዛሬ ከዘለቁት የዓለም ሊጎች መካከል በዕድሜ የሚበልጠው፣ በ1888 የተጀመረው የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ ብቻ ነው። ሁለት ዲቪዚዮን አለው፤ አንደኛው በአገሪቱ ዘጠነኛ፣ ሁለተኛው አሥረኛ እርከን ላይ ይገኛሉ። ተጫዋቾቹ በሳምንቱ ውስጥ ሥራ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ምሽት ላይ ይለማመዳሉ፣ ቅዳሜ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

መጀመሪያ የገረመኝ የክለቦቹ መቀራረብ ነው። አንዱ ሜዳ ላይ ሆኜ የሚቀጥለው ከተማ ጣሪያ የታየኝ ጊዜ አለ። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። እነዚህ መንደሮች አብዛኞቹ በከሰል ድንጋይ ጉድጓድ አፍ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው፤ ጉድጓድ በተቆፈረበት ሁሉ መንደር፣ መንደር ባለበት ሁሉ ቡድን ተፈጠረ። ከ1920 በኋላ ደግሞ በሕግ ተደንግጎ፣ ከሚወጣው እያንዳንዱ ቶን ከሰል አንድ ፔኒ እየተቆረጠ ለማዕድን ሠራተኞች መዝናኛና ደኅንነት ፈንድ ይገባ ጀመር። በየመንደሩ የተሠሩ ብዙ አዳራሾችና ሜዳዎች የዚያ ሳንቲም ውጤት ናቸው።

ወደ ምዕራቡ የአውራጃው ክፍል ስሄድ ከዳርሊንግተን ባቡር እይዛለሁ። በመንገዱ ላይ ሺልደን አለች፤ በ1825 በእንፋሎት ሞተር የተጎተተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን ባቡር መንገደኞች ጭኖ ጉዞ የጀመረው ከዚህች ከተማ ነው። የቡድኗም ቅጽል ስም "የባቡር ሠራተኞቹ" ነው። የመስመሩ መጨረሻ ቢሾፕ ኦክላንድ፣ ተጫዋቾች ያለ ክፍያ ይጫወቱ በነበረበት በአማተርነት ዘመን የእንግሊዝ አማተር ዋንጫን 10 ጊዜ የወሰደ ክለብ ከተማ ናት። በ1958 የሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን ሲበትን፣ ሦስት ተጫዋቾች ሰጥቶ ክፍተቱን እንዲሸፍኑ ያገዘው ይህ ክለብ ነበር። የዩናይትድ ደጋፊ የሆነ አንባቢ ይህንን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ጥቂት ማይል እልፍ ስትሉ ዌስት ኦክላንድ ትገኛለች። ትንሽ መንደር ናት፤ መሐል ላይ ሰፊ የሣር አደባባይ አላት፤ አደባባዩ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ሰር ቶማስ ሊፕተን፣ በየቤታችን በሻይ ፓኬት ላይ ስሙን የምናነበው ነጋዴ፣ በ1909 በጣሊያን ቱሪን ዓለም አቀፍ ውድድር ሲያዘጋጅ እንግሊዝን ወክሎ የሄደው የዚህች መንደር የከሰል ሠራተኞች ቡድን ነው። የስዊዘርላንዱን ዊንተርቱርን 2 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በ1911 ተመልሰው ሄዱና በፍጻሜው ጁቬንቱስን፣ አዎ ያንኑ ጁቬንቱስን፣ 6 ለ 1 ረቱ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ ሊካሄድ ገና 19 ዓመት ይቀረው ነበር። ቡድኑ በጉዞው ወጪ ዕዳ ውስጥ ስለገባ ዋንጫው በመያዣነት ተሰጠ፤ መንደሩ መልሶ የገዛው በ1960 ነው። በ1994 ተሰረቀ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አምሳያው ነው። እኔ ግን አምሳያውን እንኳ ሳይ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቀኑን ከመሬት በታች ውለው ምሽት ላይ ኳስ የሚለማመዱ ሰዎች ያን ያህል መንገድ በባቡርና በመርከብ ሄደው ያመጡት ነውና።

ክሩክም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። በ1954 ክሩክ ታውንና ቢሾፕ ኦክላንድ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤታሞች፣ ለአማተር ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ ሲገናኙ 100,000 ተመልካች ገባ። 2 ለ 2 ተለያዩ። ኒውካስል ላይ ተደገመና አሁንም 2 ለ 2። በሦስተኛው ጨዋታ፣ ሚድልስብሮ ላይ፣ ክሩክ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጃክ ግሪንዌልም የክሩክ ልጅ ነው፤ በዚሁ ክለብ ተጫውቶ ወደ ባርሴሎና ሄደ፣ በኋላም ባርሴሎናን ለዓመታት አሠለጠነ፤ በ1939 ደግሞ ፔሩን የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮን አደረገ። ዛሬ በክሩክ ሜዳ ዙሪያ ካለው የብረት አጥር ተደግፎ ጨዋታ የሚያይ ሰው ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ቢሆን ነው።

ከሁሉ ሜዳ ልቤ የቀረው ቶው ሎው ላይ ነው። አውቶቡሱ ከክሩክ ተነሥቶ ዳገቱን ሲያያዘው ዛፉ ይሳሳል፣ ንፋሱ መስኮቱን መግፋት ይጀምራል። ከፍታው ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ደገኞች 300 ሜትር በረሃ ማለት ነው፤ እዚያ ግን ከረጃጅም ኮረብቶች የሚወርደውን ንፋስ የሚያግድ አንዳች ነገር የለም። ግብ ጠባቂው በንፋሱ አንጻር የመታው ኳስ አየር ላይ ቆሞ ወደ ራሱ ሲመለስ አይቻለሁ። እዚያ የሚጫወት ቡድን ኳሱን መሬት ለመሬት ማንሸራሸር ይማራል፤ ያልተማረ እንግዳ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ ይቀጣል። በ1967 በፉትቦል ሊግ ይጫወት የነበረው ማንስፊልድ ታውን ለኤፍኤ ካፕ መጥቶ 5 ለ 1 ተሸንፎ የተመለሰው በዚሁ ሜዳ ነው። ክሪስ ዋድልም ከዚህ ተነሣ። የቋሊማ ቅመም በሚያዘጋጅ ፋብሪካ እየሠራ ለቶው ሎው ይጫወት የነበረ ወጣት በ1980 በ1,000 ፓውንድ ወደ ኒውካስል ሄደ፤ በ1990 በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ለእንግሊዝ፣ በ1991 ደግሞ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለማርሴይ ተሰለፈ። በዚያ ንፋስ ውስጥ ኳስ ከእግሩ እንዳይለይ የተማረ የክንፍ ተጫዋች ተከላካይ አያስጨንቀውም ብዬ አምናለሁ።

ከኖቬምበር በኋላ የሊጉ እውነተኛ ተጋጣሚ ውሃና ውርጭ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ሜዳውን ይመረምራል፤ ኳሱን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፣ ካልነጠረ ወይም በቆመ ውሃ ላይ ከተቀመጠ ጨዋታው ይተላለፋል። በአንዱ መንደር በማለዳ ደርሼ ጡረታ የወጡ የማዕድን ሠራተኛ ባለ ብዙ ጣት ብረት ይዘው ሜዳውን እየወጉ ውሃውን ሲያሰርጉ አገኘኋቸው። ከንጋት ጀምረው እየሠሩ ነበር። ላግዝዎት ብላቸው ሌላ ብረት ከመጋዘኑ አውጥተው ሰጡኝ። "ልጄ፣ ዛሬ ካልተጫወትን የሻይ ቤቱ አይከፈትም፤ የሻይ ቤቱ ካልተከፈተ የመብራቱን የምንከፍለው ከየት ነው?" አሉኝ። ሒሳቡ በእርግጥ እንዲሁ ነው። መግቢያው ከ10 ፓውንድ አይበልጥም፤ በዚያ ላይ ሻይና የስጋ ፓይ፣ የዕጣ ትኬት፣ ከጨዋታ በኋላ ክበቡ ውስጥ የሚጠጣው ቢራ። ክለቡ የሚተዳደረው በእነዚህ ነው። በተከታታይ ጨዋታ የተላለፈበት ክለብ ገቢው ይደርቃል። ያ ቀን ግን ዳኛው ኳሷን ለቀቃት፣ ነጠረችም። እርሳቸው ምንም አላሉም፤ ብረታቸውን አስቀምጠው መስመሩን ነጭ ሊቀቡ ሄዱ።

የተላለፈው ሁሉ ኤፕሪል ላይ ይከመራል። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፤ ቀን ጡብ ሲደረድር የዋለ ተከላካይ ማታ 90 ደቂቃ ይሮጣል። ደረጃውን ለማየት የሚከብደው ያኔ ነው፤ አንዱ ክለብ ከሌላው ብዙ ጨዋታ ይቀረዋል። የዋንጫውም የመውረዱም ጉዳይ የሚወሰነው በእግር ጡንቻ ጽናት ነው።

በዚያ ወር በባሕሩ ዳርቻ ወደ ኢዚንግተን ኮሊየሪ ሄድኩ። በ1951 በጉድጓዱ በደረሰ ፍንዳታ፣ ለማዳን የገቡትን ጨምሮ 83 ሰዎች ሞተዋል። ጉድጓዱ በ1993 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የዳርሃም የከሰል ቀጣና የመጨረሻው ጉድጓድ፣ ሰንደርላንድ ውስጥ የነበረው መንክዌርማውዝ፣ ሥራ አቆመ። ዛሬ የሰንደርላንድ ስታዲየም የቆመው በእሱ ቦታ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ገና በ1951፣ የአውራጃው ምክር ቤት ከ100 በላይ መንደሮችን "ምድብ መ" ብሎ ፈርጆ አዲስ ቤት እንዳይሠራባቸው፣ ቀስ ብለው እንዲከስሙ ወስኖ ነበር። ብዙዎቹ እምቢ ብለው ኖሩ። የኢዚንግተን ቡድን የሚጫወትበት ሜዳ አሁንም ዌልፌር (ደኅንነት) ፓርክ ይባላል።

ከላይ ያለውን እርከን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ለረጅም ዓመታት ብዙዎቹ የሊጉ ክለቦች አሸንፈውም ማደግ አይፈልጉም ነበር፤ ከፍ ቢሉ ለጨዋታ መሐል እንግሊዝ ድረስ መጓዝ፣ አውቶቡስ መከራየት፣ ተጫዋቹን ከሥራ ማስፈቀድ ይመጣል። ከውጭ የሚያይ ሰው ፍላጎት ያጣ ክለብ ይለዋል። እኔ ግን በችሎታ ማነስ እንዳልሆነ ለማወቅ የኤፍኤ ቬዝን ዝርዝር ማየት በቂ ነው እላለሁ፤ ለትናንሽ ክለቦች በተዘጋጀው በዚህ ዋንጫ ዊትሊ ቤይ በ2009፣ በ2010 እና በ2011፣ ደንስተን በ2012፣ ስፔኒሙር በ2013 አሸንፈዋል፤ ሁሉም በወቅቱ የኖርዘርን ሊግ ክለቦች ነበሩ። ጎረቤትን እየገጠሙ መኖር መርጠው ነበር፤ ምርጫቸውም የተከበረ ምርጫ ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ካለ፣ ቅዳሜ ጨዋታ የሚጀመረው በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨዋታው አለመተላለፉን አረጋግጡ፤ መልስ አውቶቡሱም ማምሻውን ስለሚሳሳ ሰዓቱን ጻፉት። ለቶው ሎው ወፍራም ካፖርት ያዙ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁና ሜዳው ውሃ ከቋጠረ፣ ብረት ያቀብሏችኋል።