ፀሐይን በ12 አጻጻፍ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን መጥታ ስለ ፀሐይ የሚያወራ መጽሐፍ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። መጽሐፉ እንዳለን አውቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያው ሳምንት አዲሱን የኮምፒዩተር ካታሎግ መሞከር ጀምረን ስለነበር፣ ራሷ ብትፈልገው ይሻላል ብዬ ወንበር ሳብኩላትና ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳት። ልጅቱ በአንድ ጣቷ ፊደሎቹን እየለቀመች «ጸሀይ» ብላ ጻፈች። ካታሎጉ ምንም እንዳልተገኘ ነገራት፤ የመጽሐፉ ርእስ የተመዘገበው «ፀሐይ» ተብሎ ነበርና። ወደ እኔ ዞር ብላ «ቲቸር፣ የለም እኮ!» አለችኝ። መጽሐፉ ከጀርባዋ፣ ሁለት እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

የምሠራው በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኝ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ቀድሞ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ አንድ ክፍል ሲሆን፣ ከመማሪያ መጻሕፍት ሌላ ሁለት ሺህ የማይሞሉ መጻሕፍት አሉት። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ገንዘብ አዋጥተው ዘጠኝ ታብሌቶችና ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ሲሰጡን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ዕቃዎቹ ግን በሞዴል 19 ገቢ ሆነው፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርገው በስሜ እስኪፈረሙ ድረስ ሦስት ሳምንት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ከረሙ። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ ምን እንደምጭንባቸው የማስብበት ፋታ አገኘሁ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ቁጥር ነበር። ስንት መጽሐፍ ይይዛል፣ ስንት ጨዋታ አለው፣ ስንት ቪዲዮ ይጫንበታል እያልኩ እቆጥር ነበር። ከፀሐይዋ ልጅ በኋላ ግን ማንኛውንም መሣሪያ የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እኔን ሳይጠራ የሚፈልገውን ማግኘት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ምን ያህል መተግበሪያ ከዝርዝሬ እንዳስወጣ ስናገር ሰዎች ይገረማሉ።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰራጨት ሲጀምር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጠይቆ፣ ደብተራችንን ከመግለጣችን በፊት መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። ቆይ የሚባልበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ለልጆች የሚሆን ዲጂታል መሣሪያ ሲባል መጀመሪያ የማየው፣ መሣሪያው ልጁን ይጠብቀዋል ወይስ ጥሎት ይሄዳል የሚለውን ነው።

«ልጅ ከሆነ ታብሌቱን ብቻ ስጪው፣ ራሱ ይማራል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱትም በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሁለት መንደሮች የተደረገውን ሙከራ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት መምህር ለሌላቸው ሕፃናት ታብሌቶች አድሎ፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር መክፈት እንደቻሉ በወቅቱ ተነግሮ ነበር። እኔም አምናለሁ፤ የእኛዎቹም በአንድ ሳምንት ውስጥ የስክሪኑን ምስል በራሳቸው ፎቶ ቀይረውታል። ነገር ግን በእነዚያ ታብሌቶች ላይ ተጭነው የነበሩት ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ነበሩ፣ ልጆቹም ሲዘምሩ የተሰሙት የእንግሊዝኛን ፊደል ነበር። መሣሪያን መክፈት አንድ ነገር ነው፤ በራስ ፊደል ጽፎ የፈለጉትን ማግኘት ግን ሌላ ነው።

የኢንተርኔቱን ችግር የፈታነው በኮሊብሪ ነው። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫንና ይዘቱን በአንድ ተራ የዋይፋይ ራውተር አማካይነት በዙሪያው ላሉ ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት ያድላል። አንደኛው ዴስክቶፕ ይህንኑ ሥራ ያዘ። ይዘቱን የማወርደው ደህና ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ሆኜ ነው፤ ከዚያ በፍላሽ ተሸክሜ አመጣዋለሁ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች የሚወስድ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው ነበር፤ ባልደረቦቼ ፍላሼን «አህያሽ መጣ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ከዚያ የተነሣ ነው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ይጠፋል፣ ታብሌቶቹ ግን አስቀድመው ያወረዱትን መጽሐፍ ማንበባቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለሆነም ጠዋት ጠዋት ዋና ዋናዎቹን መጻሕፍት ታብሌቶቹ ላይ ማስቀመጥ ልማድ አድርጌዋለሁ።

በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት በዲጂታል መልክ አሉ ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ መምህራን መልሴ፣ ከሚገምቱት በላይ አሉ የሚል ነው። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና በሕንድ ፕራታም ቡክስ በ2015 እ.ኤ.አ. የከፈተው ስቶሪዊቨር አጫጭር ሥዕላዊ ታሪኮችን በብዙ ቋንቋዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ በክፍት ፈቃድ ያቀርባሉ። ማውረድ፣ ማተም፣ ማባዛት፣ መተርጎምም ይፈቀዳል፤ ታሪኮቹም በንባብ ደረጃ ተለይተው ስለሚቀመጡ አንድ መስመር ብቻ የሚያነብ ልጅ አንድ መስመር ያለው ገጽ ያገኛል። በጎ ፈቃደኛ የተረጎመው ሁሉ አፍ ላይ ይጥማል ማለቴ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ታሪክ ከመጫኔ በፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ምላሴ ከተደናቀፈ የልጁም ይደናቀፋልና አስቀረዋለሁ፣ ወይም ፈቃዱ ስለሚያስችለኝ ዐረፍተ ነገሩን አቃንቼ እጭነዋለሁ።

አንድ መመዘኛ አክያለሁ፤ ለመክፈት ኢሜይልና የልደት ቀን የሚጠይቅ መተግበሪያ ከእኛ ታብሌት ላይ አይጫንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከመውጣቱ በፊትም ቢሆን፣ የሰባት ዓመት ልጅን ስም ለማላውቀው ኩባንያ የምሰጥበት ምክንያት አይታየኝም ነበር።

አሁን ወደ ጣቶቹ ልመለስ። አዋቂዎች በስልክ አማርኛ የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ድምፅ ነው፤ «ላ» ለማለት ኤል እና ኤ እንነካለን። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን «ላ»ን ለሁለት የሚከፈል ድምፅ አድርጎ አያውቀውም፤ ለእርሱ «ላ» ማለት በገበታው ላይ ከ«ለ» ጀምሮ አራተኛው ፊደል ነው። ሁለት ዓይነት ኪቦርድ ጭኜ ሞከርኩ። በአንደኛው ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ታብሌቱን ለእኔ መለሱልኝ። ሁለተኛው «ለ»ን ሲነኩ ሰባቱን ቤቶች ከላይ ደርድሮ የሚያሳይ ነው፤ እርሱን ስሰጣቸው አንድ ልጅ ጣቱን አየር ላይ አንሥቶ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ!» ብሎ እንደ ቄስ ተማሪ በዜማ ቆጠረና አራተኛው ላይ አሳረፈው። ለስድስት ልጅ አንድ ታብሌት ስለሚደርስ የቀሩት አምስቱም አብረው ያዜሙ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጸጥታ ያስፈልጋል የሚለውን ማስታወቂያ ያን ዕለት ከግድግዳው አነሣሁት።

ፊደሉን መጻፍ ከቻሉ በኋላ የቀረው የመጀመሪያው ችግር፣ የፀሐይዋ ልጅ ችግር ነው። በአማርኛ አነጋገራችን ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃም እንዲሁ። እንግዲህ ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ ለሁለተኛው ስድስት አማራጭ ካለ፣ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ንባቡ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። «ዓለም» በአራት መንገድ ይጻፋል። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ያለው የተለያየ ምልክት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቦታ ያገኘው በትክክል ነው፤ ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬም ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያ በድሮ ፎንት ጽፈው እንደተዉልኝ ዝርዝር፣ ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ብቻ እናይ ነበር። ማሽኑ ሐ እና ሀ በልጅ ጆሮ አንድ መሆናቸውን አለማወቁ የዩኒኮድ ጥፋት አይደለም፤ ማሽኑን ማስተማር የካታሎግ ሠራተኛ ሥራ ነው።

የአይሲቲ መምህራችንና እኔ ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠን የሠራነው ይህንኑ ነው። የመጻሕፍቱን ርእሶች ኤክሴል ላይ ካሰፈርን በኋላ ከጎናቸው አንድ የተደበቀ ዓምድ ከፈትን፤ በዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤቶቻቸው ይቀየራሉ። አምስት ፊደል በሰባት ቤት 35 ሆነ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመሩ 37። ልጁ የሚጽፈው ቃልም በዚያው ወንፊት ካለፈ በኋላ ይፈለጋል። እግረ መንገዳችንን ሌላም አገኘን፤ አንዳንድ መዝጋቢዎች ፕን በመልክ በምትመስለው ኘ እየተኩ «ኘሬስ» ብለው ጽፈው ነበርና እርሱንም በእጅ አቃናነው።

የአማርኛ መምህራችን ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «እኛ ክፍል ውስጥ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ሌባ የሚያደርገው ነው እያልን ስናስተምር፣ እናንተ ፊደሉን ትቀንሱታላችሁ?» አለችን። ክርክሯ ተገቢ ነበር፤ ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ሙግት ከእኛ ዕድሜ በላይ የቆየ ነውና ሁለት ሰዎች በቅዳሜ ከሰዓት የሚወስኑት ጉዳይ አይደለም። ዓምዱ የተደበቀው ለዚሁ ነው። ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍም ፊቱ የሚመጣለት በሽፋኑ ላይ እንዳለው «ፀሐይ» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉንም፣ የቃሉን የቆየ አጻጻፍም በአንድ ጊዜ ያያል። መምህሯ ይህን ካየች በኋላ ልጆቿን እየላከች በተለያየ አጻጻፍ እንዲፈልጉ ታደርጋቸዋለች።

የደራሲ ስም ላይ ብዙ አልቆይም። ፕሮግራሞቹ የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን አላቸው፣ እኛ ደግሞ የለንም፤ ደራሲው በራሱ ስም መጀመር ሲገባው በአባቱ ስም ሥር ተሰልፎ ይገኛል። ሣጥኑን ባዶ ትተን ሙሉ ስሙን በአንድ ቦታ ጻፍን። የኅትመት ዘመኑንም መጽሐፉ ላይ እንዳለ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. እያልን መዘገብነው።

ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር መተግበሪያ ሞክሬ ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ድምፁ «ልጁ ዋና ይችላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ዋናው መንገድ» ስንል እንደምናጠብቀው አድርጎ አነበበው፤ ልጆቹም በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰጠነው። የስድስተኛ ክፍል አንባቢዎች ጠዋት ዜና በሚያነቡበት ማይክሮፎን በዕረፍት ሰዓት ታሪኮቹን ይቀዳሉ፣ እኔም ድምፁን ኮሊብሪ ላይ ከመጽሐፉ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ትንንሾቹ የታላቅ እኅታቸውን ድምፅ ለይተው ሲያውቁ ያንኑ ታሪክ አምስት ጊዜ ይከፍቱታል።

ከፍ ላሉት ልጆች ስክራችን ጭኛለሁ። ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበና ትእዛዞቹ በአማርኛ የሚታዩ የፕሮግራም መማሪያ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጦጣ ከአንበሳ ጋር ስትከራከር የሚያሳይ ታሪክ ጀምረው ገና አልጨረሱም፤ ክርክሩ ረዘመባቸው።

የፀሐይዋ ልጅ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ማክሰኞ መጥታ ያለ ማንም እርዳታ «ጸሀይ» ብላ ጻፈች፤ አራት ርእሶች መጡላት፣ አንዱን መርጣ ከመደርደሪያው አወጣች፣ በደብተሬም ላይ ፈረመች። ከዚያ ተመልሳ «ጂብ» ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። ጅብ በሳድስ እንጂ በሣልስ ስለማይጻፍ 37ቱ ለውጦች ይህን አይነኩትም፤ እርሷ የጻፈችው ግን ልክ እንደሚሰማት ነው። ለጊዜው ከተደበቀው ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ ከፍቼ «ጂብ» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከልጆቹ ጀርባ ቆሜ የሚጽፉትን እየለቀምኩ እጨምርበታለሁ። ዛሬ ዝርዝሩ 41 ቃል ደርሷል።