ከፋጉሎ የሚጀምር ፈሳሽ ጨው

የወጥ ቤት ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት የሠራሁት ጨው ግን በክፍሉ ሙቀት እንደ ማር ወፍሮ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ በዝግታ ይወርድ ነበር። ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጡ እንዲህ ያሉ ጨዎች አዮናዊ ፈሳሾች ይባላሉ። የእኔው ፖዘቲቭ አዮን በሕያዋን ውስጥ የሚገኘው ኮሊን የተባለ ናይትሮጅን ያለበት ውህድ ነው፤ ኔጌቲቩ የተገኘው ደግሞ ዕፅዋት ድርቅ ሲጸናባቸው በሴሎቻቸው ከሚያከማቹት ፕሮሊን ከተባለው አሚኖ አሲድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በበረዶ በቀዘቀዘ የፕሮሊን ብጥብጥ ላይ ኮሊን ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጨመራል፤ ሃይድሮክሳይዱ ከአሲዱ ፕሮቶን ወስዶ ውሃ ስለሚሆን ከውሃ በቀር ሌላ ተረፈ ምርት የለም። አስቸጋሪው ውሃውን ማስወጣት ነው፤ ኮሊን ሃይድሮክሳይድ ከሞቀ ፈርሶ ትራይሜቲልአሚን ስለሚለቅ ክፍሉ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ሃይድሮክሳይዱ አየርም አይወድም። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ክዳኑን ሳልገጥም አሳድሬው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ባይካርቦኔት ሆነብኝ፤ ቤዝነቱም፣ ማለትም ፕሮቶን የመንጠቅ ኃይሉ፣ ደከመ።

ጨውን ለመሞከር የመረጥሁት ሁለት ሞለኪውሎች ውሃ አውጥተው የሚጣመሩበትን የክኖቬናግል ውህደት ነበር። ቤንዛልዲሃይድና ማሎኖናይትራይል ከጥቂት ጠብታ ጨው ጋር ሲቀላቀሉ፣ ጨው ውስጥ ያለው ቤዝ ከማሎኖናይትራይሉ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ የፕሮሊኑ ናይትሮጅንም አልዲሃይዱን ለጥቃት ያመቻቸዋል። ውሃ ሲጨመርበት ምርቱ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ካታሊስቱ፣ ማለትም ውህደቱን ያፋጠነው ጨው፣ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ውሃውን አትንኖ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ምርቱን ማሽተት ግን አይገባም፤ ክሎሪን የተጨመረበት የቅርብ ዘመዱ ሲ ኤስ የተባለው አስለቃሽ ጋዝ ነው።

ለእንዲህ ያሉ ጨዎች የሚሰጠው «ተፈጥሯዊ» የሚለው ስም ቅር ይለኛል። በገበያ ያለው ኮሊን ክሎራይድ በአብዛኛው ከትራይሜቲልአሚንና ከኤቲሊን ኦክሳይድ በፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ የተክሉ የሆነው የሞለኪውሉ ቅርጽ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኮሊን በሰናፍጭ ፍሬ ውስጥ ሲናፒን የተባለ ውህድ አካል ሆኖ በእርግጥ ይገኛል። ኬሚስቶቹ ባቦና ሂርሽብሩን እ.ኤ.አ. በ1852 ከሰናፍጭ ያገኙትን ንጥረ ነገር «ሲንካሊን» ብለውት ነበር፤ ከኮሊን ጋር አንድ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ሲናፒን ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በፋጉሎው ውስጥ ስለሚቀር፣ ሁለት ኪሎ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነው የጎመን ዘር ፋጉሎ አስመጥቼ ትናንት ጥቂቱን በአልኮል ዘፈዘፍሁ። ካጠለልሁት ላይ አንድ ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ባደርግበት ወዲያው ደማቅ ቢጫ ሆነ፤ ይህም ሲናፒን መኖሩን ይጠቁማል።