ባለ አንድ እግሯ ጎተራ

በስቶክሆልም፣ ዩርጎርደን ደሴት ላይ ያለውን የስካንሰንን ኮረብታ ስወጣ ሙዚየም የገባሁ አልመሰለኝም። ጭስ ሸተተኝ፤ ላም እምቧ አለች። የገጠሩ ኑሮ በፋብሪካ ዘመን ሲጠፋ ቆሞ ማየት ያላስቻለው አርቱር ሃሴሊዩስ ይህን ቦታ የከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ነው። ቤቱ ከየአውራጃው እየተነቀለ፣ ግንዱ እየተጫነ መጥቶ እዚህ ተተከለ። ዛሬ 150 ያህል ሆነዋል።

ጭሱን ተከትዬ ከሄርየዳለን አውራጃ ወደመጣው የኤልቭሮስ ግቢ ገባሁ። የጥንት ቀሚስ የለበሱ እናት እሳቱ ዳር ስስ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ረጅም ቀጭን እንጨት ከሥሩ አስገብተው ሲገለብጡት ጠርዙ እንኳ አይቀደድም። ጣሪያው ላይ ስለበቀለው ሣር ጠየቅኋቸው። ከሥሩ የበርች ዛፍ ልጣጭ ተነጥፏል፤ ውኃውን የሚከለክለው ልጣጩ ነው፣ አፈሩና ሣሩ ደግሞ ልጣጩን ተጭነው ይይዙታል፣ ብርዱንም ያግዳሉ አሉኝ። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

እምቧ ያለችውም ላም ተገኘች፦ ትንሽ፣ ነጭ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ጎዳ። የተራራ ላም ይሏታል።

የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ሰፈር ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። አንዲት የእንጨት ጎተራ በአንድ ግንድ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ግንዱ ከነሥሩ ነው፤ ሥሮቹ እንደ ዶሮ ጣት መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አራት እግር ማቆም ሲቻል አንድ ለምን?

መልሱን ያገኘሁት አውሬዎቹ ዘንድ ነው። ስካንሰን ድቡን፣ ተኩላውን፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ከቤቶቹ ጋር በአንድ ኮረብታ ላይ ያኖራል፤ ትክክለኛ ቦታቸውም ይመስለኛል። ስዊድናውያን ያርቭ የሚሉት አውሬ ቁመቱ ከውሻ አይበልጥም፣ መልኩ ግን የድብ ግልገል ነው፤ መዳፉ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ጥፍሩን ሰካ፣ ልጣጩን ገነጠለ፣ አሸተተና ደግሞ ገነጠለ። ዛፍ መውጣት ያውቅበታል፤ የተከማቸ ሥጋ ካገኘም አይምርም። ለእሱ አራት እግር ማለት አራት መሰላል ነው።

ከመውጣቴ በፊት ወደ ጎተራዋ ተመለስኩ። ከሥሯ ቆሜ ቀና ስል፣ ወለሏ እንደ ባርኔጣ ክፈፍ በግንዱ ዙሪያ ወጥቷል። ጥፍር የሚሰካበት ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁ።